ከየት አመጣኸው? ቆሻሻ ገንዘብ በባንክ በኩል መልስ የሚያገኝበት መንገድ

የአሜሪካ ዶላር ኖት የፈለገው ዋጋ ቢጻፍበት የሚመዝነው አንድ ግራም ያህል ነው። አንድ ሚሊዮን ዶላር በባለ 100 ኖት ሲሆን 10 ኪሎ ይመዝናል፤ በባለ 20 ሲሆን 50 ኪሎ። ዕፅ መንገድ ላይ የሚቸረቸረው በትንንሽ ኖት ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ኮኬይን ተሸጦ የሚያመጣው ገንዘብ ከኮኬይኑ ከራሱ ይከብዳል። ዕፁን ድንበር ያሻገረ ነጋዴ ቀጥሎ የሚጨነቀው ይህን ሁሉ ወረቀት የት እንደሚያደርሰው ነው።

የመንግሥት ካዝና የዘረፈ ባለሥልጣን ችግሩ ሌላ ነው። ገንዘቡ ከመጀመሪያውም ባንክ ውስጥ አለ፤ የተመዘገበው ግን በእሱ ስም አይደለም። ነጋዴውና ባለሥልጣኑ የሚገናኙት አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ከየት አመጣኸው?

ሕጉ ድርጊቱን "በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ" ይለዋል፤ በአጭሩ የገንዘብ እጥበት እንለዋለን። ሲነገር በጨለማ የሚሠራ ሥራ ይመስላል። በባንክ የሚያልፍ ገንዘብ ግን ከነቀኑ፣ ከነመጠኑ፣ ከነላኪው ተመዝግቦ ነው የሚያልፈው። ገንዘቡ ለሁሉም ይታያል። የሚለፋበት ነገር ለዚያች ጥያቄ መልስ የሚሆን ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርቡት ጉዳዮች ሁሉ፣ ሰነዱን ማን እንዳዘጋጀውና ማን አይቶ እንዳሳለፈው የሚያሳዩ ናቸው። (ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሥልጠና መጻሕፍት ሥራውን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፦ ጥሬ ገንዘቡን ባንክ ማስገባት፣ ዱካውን ማደበላለቅ፣ በመጨረሻም ከሕጋዊ ሀብት ጋር ማዋሃድ። ለጀማሪ ይጠቅማል። ነገር ግን ከመንግሥት የተዘረፈ ገንዘብ የመጀመሪያውን ደረጃ ጨርሶ አያውቀውም፤ አንዳንዴም ሦስቱም ደረጃዎች በአንድ ውል ውስጥ ተጠቃለው ይገኛሉ።

በካሸሩ መስኮት

በአሜሪካ ከ1970 ጀምሮ ባንኮች ከ10,000 ዶላር የሚበልጥ የጥሬ ገንዘብ ግብይትን ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ አስገቢው በአንድ ቀን አምስት ቅርንጫፍ ዞሮ በየአንዳንዱ 9,500 ያስገባል፤ ወይም አምስት ሰው ይልካል። ከሪፖርት ለማምለጥ ተብሎ ገንዘብን እንዲህ መሸንሸን ከ1986 ጀምሮ በራሱ ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ። ብልሃቱ ያረጀ ስለሆነ ሶፍትዌር በቀላሉ ይይዘዋል። ሶፍትዌር የማይይዘው ሰውን ነው።

የካናዳው ቲዲ ባንክ የአሜሪካ ክንፍ በ2024 ጥፋተኝነቱን አምኖ 3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊከፍል ተስማማ። ከጉዳዮቹ በአንደኛው፣ አንድ መረብ ከ470 ሚሊዮን ዶላር በላይ በባንኩ ሲያሳልፍ ለሠራተኞች ያደለው የስጦታ ካርድ ድምሩ 57,000 ዶላር ቢበልጥ በጥቂቱ ነው። ለየ100 ዶላሩ አንድ ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው። ከካርዱ የባሰው ግን ከላይ የተወሰነው ውሳኔ ነበር። የባንኩ አመራር የቁጥጥር ክፍሉ በጀት ከዓመት ዓመት እንዳይጨምር ስላደረገ፣ ከ2018 መጀመሪያ እስከ 2024 የጸደይ ወራት ከግብይቱ 92 በመቶው፣ በገንዘብ 18.3 ትሪሊዮን ዶላር ያህሉ፣ በአውቶማቲክ ቁጥጥሩ በኩል ሳያልፍ ቀረ።

የኤችኤስቢሲ ጉዳይ ደግሞ አንዲት ምድብ ምን ያህል በር እንደምትከፍት ያሳያል። ባንኩ በ2012 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ሲስማማ፣ የሜክሲኮው ሲናሎአ ካርቴልና የኮሎምቢያው ኖርቴ ዴል ቫዬ ቢያንስ 881 ሚሊዮን ዶላር በእሱ በኩል እንዳሳለፉ ተረጋገጠ። በሜክሲኮ ቅርንጫፎች ጥሬ ገንዘብ የሚያስገቡ ሰዎች የካሸሩ መስኮት ስፋት ተለክቶ የተሠራ ሣጥን ይዘው ይመጡ ነበር። ታዲያ የአሜሪካው ኤችኤስቢሲ ለምን አላየም? የክትትል ሶፍትዌር አገሮችን በአደጋ ደረጃ ይመድባል፤ ዝቅተኛ ደረጃ ከተሰጠው አገር የመጣ ሐዋላ ማንቂያ አያስነሳም። ሜክሲኮ ያገኘችው ከሁሉ ዝቅተኛውን ደረጃ ነበር። በዚህች ምድብ ምክንያት ብቻ ከሜክሲኮው እህት ባንክ የመጣ ከ670 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሐዋላ ሳይመረመር አለፈ። ማንም ሰነድ መሰረዝ አላስፈለገውም።

ባንክ ውስጥ ያለ ሌላ ባንክ

ትንንሽ ባንኮች ኒውዮርክ ውስጥ የራሳቸው የዶላር ካዝና የላቸውም። አንድ ትልቅ ባንክ ዘንድ ሒሳብ ይከፍታሉ፤ ደንበኞቻቸው ዶላር ሲልኩ ገንዘቡ በዚያ ሒሳብ ይንቀሳቀሳል። ትልቁ ባንክ ኮረስፖንደንት ባንክ ይባላል። የሚያየው ባንኮች የክፍያ ትእዛዝ በሚለዋወጡበት በስዊፍት መልእክቱ ላይ የሰፈረውን ነው፦ የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ መጠን፣ አንድ መስመር ምክንያት። ደንበኛውን ያውቃል ተብሎ የሚታመነው ትንሹ ባንክ ነው። ትንሹ ባንክ ደግሞ ከእሱ ያነሱ ባንኮችን በዚያው ሒሳብ ሊያስተናግድ ይችላል። ያኔ ኒውዮርክ የተቀመጠው ሠራተኛ የሚያውቀው፣ ደንበኛውን አውቃለሁ የሚል ባንክን የሚያውቅ ባንክ ብቻ ይሆናል።

የዴንማርኩ ዳንስኬ ባንክ በ2007 የፊንላንዱን ሳምፖ ባንክ ሲገዛ የኢስቶኒያው ቅርንጫፍም አብሮ መጣለት። እስከ 2015 ድረስ በዚያ ቅርንጫፍ ያለፈው የውጭ አገር ደንበኞች ገንዘብ 200 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ነው። ኢስቶኒያ 1.3 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር ናት። ሁሉም የወንጀል ገንዘብ ነው ለማለት አይቻልም፤ ባንኩ ራሱ ያስጠናው ምርመራ ግን ትልቁ ክፍል አጠራጣሪ እንደሆነ አምኗል። ምርመራው ካወጣቸው ነገሮች ሁለቱን ልብ ይሏል። አንደኛው፣ በ2008 በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ያለውን ቅርንጫፍ ከዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሥርዓት ጋር የማገናኘት ዕቅድ ውድ ነው ተብሎ ተሰረዘ፤ ብዙ ሰነድ በኢስቶኒያኛና በሩሲያኛ ስለነበር ኮፐንሃገን ያሉት ተቆጣጣሪዎች ቢፈልጉም አያነቡትም። ሁለተኛው፣ በ2011 ይህ ቅርንጫፍ ከባንኩ ሀብት 0.5 በመቶውን ብቻ ይዞ ከትርፉ 11 በመቶውን ያመጣ ነበር። እንዲህ ያለ ትርፍ የሚያመጣ ቅርንጫፍ ሽልማት እንጂ ጥያቄ አይመጣለትም። በእኔ ግምት ከሁለቱ ይበልጥ ጥፋተኛው የትርፉ ቁጥር ነው፤ ሰነዱን ማስተርጎም ገንዘብ ብቻ ይጠይቃል፣ ትርፉን መጠየቅ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

የደንበኞቹ ስም የሰው ስም አልነበረም። እዚህ ላይ የወረቀት ኩባንያ አሠራር ይገባል። አሠራሩ እንዲህ ነው። እንግሊዝ ወይም ስኮትላንድ ውስጥ የሽርክና ማኅበር ይቋቋማል፤ ሸሪኮቹ ሰዎች ሳይሆኑ በሲሸልስ ወይም በብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች የተመዘገቡ ሁለት ኩባንያዎች ናቸው። የእነዚያ ዳይሬክተር ሆኖ የሚፈርመው፣ ለመቶዎች ኩባንያዎች እየፈረመ የሚኖር ስም አበዳሪ ነው። ስም አበዳሪው ቀን ያልተጻፈበት የመልቀቂያ ደብዳቤና ሙሉ የውክልና ሥልጣን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ውክልናውን የሚይዘው እውነተኛው ባለቤት ነው። የባንክ ሒሳቡ በሦስተኛ አገር ይከፈታል። የእንግሊዝ መዝጋቢ ስለ ሲሸልስ አይጠይቅም፣ ሲሸልስ ስለ ባንኩ አታውቅም፣ ባንኩ ደግሞ የእንግሊዝ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዟል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ሕጋዊ ነው።

በታሊን ይሠራ የነበረው ሀዋርድ ዊልኪንሰን በ2013 መጨረሻ ላይ ያገኘው ይህንኑ ነው። ላንታና ትሬድ የተባለው የሽርክና ማኅበር ለእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ እንቅስቃሴ የለኝም የሚል ሒሳብ እያስገባ፣ በታሊን ሒሳቡ ግን ሚሊዮኖች ይገቡበትና ይወጡበት ነበር። ማንም ሰው ከሕዝብ መዝገብ በትንሽ ክፍያ ሊያገኘው በሚችል ወረቀት ነው የተደረሰበት። ለአለቆቹ አሳወቀ፤ ጉዳዩ ወደ አደባባይ ወጥቶ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሥልጣን እስኪለቁ ግን 2018 ደረሰ። ኒውዮርክ ካሉት ኮረስፖንደንት ባንኮች ጄፒ ሞርጋን በ2013 ግንኙነቱን አቋርጦ ነበር፤ ዶይቸ ባንክ እስከ 2015 ቀጠለ። ዳንስኬ በ2022 በአሜሪካ ጥፋተኝነቱን አምኖ 2 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ።

የኩባንያ እውነተኛ ባለቤት ይመዝገብ የሚለው ሕግ ብዙ አገር ደርሷል፤ ነገር ግን የተለመደው ወለል 25 በመቶ ነው። አምስት ዘመዳሞች 20፣ 20 በመቶ ቢካፈሉ ማንም አይመዘገብም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2022 መዝገቡ ለማንኛውም ሰው ክፍት መሆኑ የግል ሕይወትን ይነካል ብሎ ዘጋው። አሜሪካም በ2024 ሥራ ላይ ያዋለችውን ተመሳሳይ ሕግ በ2025 ለአገር ውስጥ ኩባንያዎች እንዳይሠራ አደረገች።

ፍርድ ቤትም ሰነድ ይሰጣል

ከሁሉ የሚያስደንቀው መልስ የዳኛ ፊርማ ያለበት ነው። ከ2010 እስከ 2014 ከሩሲያ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል በሞልዶቫ በኩል የወጣው እንዲህ ነበር። "ሀ" የተባለ የወረቀት ኩባንያ "ለ" ለተባለ የወረቀት ኩባንያ ብዙ ሚሊዮን ዶላር አበደርኩ ይላል፤ ብድር የሚባል ነገር ግን የለም። ለብድሩ ዋስ የሚሆነው ገንዘቡን ማውጣት የሚፈልገው የሩሲያ ኩባንያ ነው። አብሮት አንድ የሞልዶቫ ዜጋ በዋስነት ይፈርማል፤ ብዙውን ጊዜ ምን እንደፈረመ የማያውቅ ድሃ ሰው። ይህ ሰው የገባው ጉዳዩ በሞልዶቫ ፍርድ ቤት እንዲታይ ብቻ ነው። "ለ" አልከፍልም ይላል፤ "ሀ" ይከሳል፤ ዳኛው ዋሱ ይክፈል ብሎ ይወስናል። የሩሲያው ኩባንያ "ተፈርዶብኝ" እያለ ገንዘቡን ሞልዲንድኮንባንክ ወደተባለው የሞልዶቫ ባንክ ይልካል፤ ከዚያ ወደ ላትቪያው ትራስታ ኮሜርትስባንካ ይሄዳል። ላትቪያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለሆነች ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ከየት አመጣኸው? ተፈርዶልኝ።

ዶይቸ ባንክ ላይ የደረሰው ደግሞ በአክሲዮን ነው። ከ2011 እስከ 2015 አንድ ደንበኛ በሞስኮ ቢሮው የታወቀ የሩሲያ ኩባንያ አክሲዮን በሩብል ይገዛል፤ በዚያው ቀን ሌላ ደንበኛ ያንኑ አክሲዮን በዚያው ብዛት በለንደን በዶላር ይሸጣል። ሁለቱ ደንበኞች የሚገናኙት ከጀርባ ነው። ሩብል ገብቶ ዶላር ወጣ፤ ንግዱ ኮሚሽን ሲቀነስ ኪሳራ ነው። ትርፍ የሌለውን ንግድ ደጋግሞ የሚሠራ ደንበኛ ለምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ብቻ ይበቃ ነበር። 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል በዚህ መንገድ ወጣ፤ ባንኩ በ2017 ለኒውዮርክና ለብሪታኒያ ተቆጣጣሪዎች 630 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀጣ።

በንግድ ሰነድ ማዛወር ከሁሉ ቀላሉ ነው። 100,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ300,000 ኢንቮይስ ይደረጋል፤ ልዩነቱ 200,000 ሕጋዊ ሆኖ ይወጣል። ለማስገባት ሲፈለግ ዋጋው በተቃራኒው ይገለበጣል። የሌተር ኦፍ ክሬዲት (ሰነድ ሲቀርብ ባንክ ለሻጭ እከፍላለሁ የሚልበት ዋስትና) ዓለም አቀፍ ደንብ ባንኮች የሚሠሩት በሰነድ እንጂ በዕቃ አይደለም ይላል። ባንኩ ኮንቴይነር ከፍቶ የማየት ግዴታ የለበትም።

መንግሥት ሲገባበት

መንግሥት በሦስት መልክ ይገባል፦ ዘራፊ ሆኖ፣ ጋሻ ሆኖ፣ ደንበኛ ሆኖ።

በናይጄሪያ ከ1993 እስከ 1998 በገዙት በሳኒ አባቻ ዘመን ዘዴው ደብዳቤ ነበር። የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው "ለአስቸኳይ የደኅንነት ጉዳይ" ብሎ ይጽፋል፣ ርዕሰ ብሔሩ ይፈርሙበታል፣ ማዕከላዊ ባንኩ በጥሬ ገንዘብና በሐዋላ ይከፍላል። ደኅንነት የሚለው ቃል ኦዲተርን ያባርራል። ገንዘቡ በስዊዘርላንድ፣ በሉክሰምበርግ፣ በሊክተንስታይንና በጀርሲ ባንኮች ተገኘ።

ሞዛምቢክ ላይ የተደረገው ይበልጥ የረቀቀ ነው፤ ዝርዝሩንም ማየት ይገባል። በ2013 እና በ2014 ሦስት የመንግሥት ኩባንያዎች ከክሬዲ ስዊስና ከሩሲያው ቪቲቢ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተበደሩ። ምክንያቱ የቱና ዓሣ ማጥመጃ መርከቦች፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃና የመርከብ ጥገና ጣቢያ ነበር። የፋይናንስ ሚኒስትሩ ማኑኤል ቻንግ የመንግሥት ዋስትና ፈረሙ፤ ፓርላማው አላወቀም። አዲስ የተቋቋሙት ኩባንያዎች ገቢ ስላልነበራቸው ለአበዳሪዎቹ ዋጋ የነበረው ያ ፊርማ ብቻ ነው። ከዚያም ገንዘቡ ወደ ሞዛምቢክ ሳይገባ ከባንኮቹ በቀጥታ ወደ መርከብ አቅራቢው ፕሪቭኢንቬስት ተከፈለ። ዕዳው የአገር ሆነ፣ ገንዘቡ ግን በአገሪቱ ባንክ በኩል አላለፈም፤ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለ ተቆጣጣሪ የሚያየው አልነበረም። ጉቦው የተከፈለው ከአቅራቢው ወገን ነው። በኋላ የተደረገ ገለልተኛ ኦዲት በዕቃዎቹ ዋጋና ባለሙያዎች በገመቱት መካከል 713 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት አገኘ።

ድብቁ ዕዳ በ2016 ሲታወቅ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና ለጋሾች ድጋፋቸውን አቆሙ፤ የአገሪቱ መገበያያ ሜቲካል ወደቀ። ሦስት የቀድሞ የክሬዲ ስዊስ ባለሙያዎች በ2019 በብሩክሊን ፍርድ ቤት ጥፋተኝነታቸውን አመኑ። ባንኩ በ2021 ለተለያዩ ተቆጣጣሪዎች 475 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ 200 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ። ቻንግ በ2018 ጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው በ2024 በብሩክሊን ተፈረደባቸው። የብሩክሊኑ ክስ ሊመጣ የቻለው በዋናነት ገንዘቡ በኒውዮርክ በኩል በዶላር ስላለፈ ነው። በሌላ ገንዘብ ተበድረው ቢሆን አሜሪካዊ ዐቃቤ ሕግ ምክንያት ለማግኘት ይቸገር ነበር።

ጋሻነቱ በማሌዥያው የመንግሥት ፈንድ በዋን ኤምዲቢ በግልጽ ይታያል። ጎልድማን ሳክስ በ2012 እና በ2013 ለፈንዱ 6.5 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ሲሰበስብ 600 ሚሊዮን ዶላር ያህል አገልግሎት ክፍያ ወሰደ፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከተለመደው እጅግ የበዛ ነው። ከቦንዱ ከቢሊዮን ዶላር በላይ የተላከው አባር ኢንቨስትመንትስ ፒጄኤስ ሊሚትድ ለሚባል የብሪቲሽ ቨርጂን ደሴቶች ኩባንያ ነበር። አባር ኢንቨስትመንትስ ፒጄኤስ የሚባል እውነተኛ የአቡዳቢ መንግሥት ኩባንያ አለ። ልዩነቱ "ሊሚትድ" የምትለው ቃል ናት። ሐዋላውን የሚያጣራ ሠራተኛ ስሙን ፈልጎ የታወቀ ድርጅት ያገኛል፣ ያሳልፋል።

ከፈንዱ 4.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንደተዘረፈ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ይናገራል። በጠቅላይ ሚኒስትሩ ናጂብ ራዛቅ የግል ሒሳብ 681 ሚሊዮን ዶላር መግባቱ በ2015 ሲጋለጥ፣ ምርመራውን ይመሩ ከነበሩት አንዱ የሆኑት ዋና ዐቃቤ ሕግ ከሥልጣን ተነሡ። የተተኩት ዐቃቤ ሕግ በ2016 መጀመሪያ መልሱን ሰጡ፦ ገንዘቡ ከሳዑዲ ንጉሣውያን ቤተሰብ የተሰጠ ስጦታ ነው፣ ወንጀል የለም። ናጂብ በ2018 ምርጫ ተሸንፈው ጋሻው ሲወድቅ ምርመራው እንደገና ተከፈተ፤ በ2020 ተፈረደባቸው፣ በ2022 እስር ቤት ገቡ።

መንግሥት ደንበኛ ሆኖ የገባበት ታላቁ ምሳሌ ቢሲሲአይ ነው። ፓኪስታናዊው አጋ ሀሰን አበዲ በ1972 ያቋቋመው ይህ ባንክ በሉክሰምበርግ ተመዝግቦ፣ ግማሹ በካይማን ደሴቶች ሆኖ፣ ከለንደን ይመራ ነበር። እስከ 1987 ሁለት የተለያዩ ኦዲተሮች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው ግማሹን ብቻ ያያሉ። ኪሳራ ከአንዱ ግማሽ ወደ ሌላው እየተገፋ ማንም ሙሉውን አላየም። የፓናማው ገዢ ማኑኤል ኖሪየጋ ደንበኛ ነበሩ፤ ሲአይኤም ሒሳብ ነበረው። የስለላ ድርጅት ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት ባንክ ላይ የሚደርስ ጥቆማ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል። ባንኩ በ1990 በአሜሪካ የዕፅ ገንዘብ በማጠብ ጥፋተኝነቱን ካመነ በኋላ እንኳ ሥራውን ቀጥሎ፣ ሐምሌ 5 ቀን 1991 በብዙ አገር ተቆጣጣሪዎች በአንድ ጊዜ ተዘጋ። ዛሬ አንድ ባንክ በስንት አገር ቢሠራ ሙሉውን የሚያይ አንድ ተቆጣጣሪ ሊኖረው ይገባል የሚለው የባዝል (የባንክ ተቆጣጣሪዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ) ደንብ በ1992 የወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ባንኩ ለምን ዝም ይላል?

ዝም አይልም፤ ሪፖርት ያደርጋል። ችግሩም ከፊሉ እዚሁ ነው። ሕጉ ባንክ ግብይት ሲያጠራጥረው ለፋይናንስ ደኅንነት ተቋም እንዲያሳውቅ፣ ለደንበኛው ግን እንዳይናገር ያዛል። በአሜሪካ ሪፖርቱን የላከ ባንክ ግብይቱን ማቆም አይገደድም። ስለዚህ ሪፖርቱ ለባንኩ መድን ይሆናል፦ ነገ ቢጠየቅ "አሳውቄያለሁ" ይላል፣ ዛሬ ደግሞ ኮሚሽኑን ይወስዳል። በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ4 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ሪፖርት ይገባል፤ አንብቦ የሚጨርስ ተቋም የለም። በ2020 ሾልከው የወጡት ከ2,100 በላይ ሪፖርቶች ከ2 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ግብይት የያዙ ነበሩ፤ ባንኮቹ እየጠረጠሩ አሳልፈውታል።

ቅጣቱም የሚያስፈራ አይደለም። ኤችኤስቢሲ በ2012 የከፈለው 1.9 ቢሊዮን ዶላር የዚያ ዓመት ከታክስ በፊት የነበረ ትርፉ የአምስት ሳምንት ያህል ነው። የተከሰሰ ግለሰብ የለም። የብሪታኒያ ገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርን ለአሜሪካ አቻዎቻቸው፣ ባንኩ በወንጀል ቢከሰስ የዓለም ፋይናንስ ይናጋል ብለው መጻፋቸው በኋላ ታውቋል። የመንግሥት ጋሻ በማሌዥያ ብቻ የሚዘረጋ አይምሰል። መቀጮውን የሚከፍለው ባለአክሲዮኑ ነው፤ ቦነሱን የበላው ሥራ አስኪያጅ ያኔ ሌላ ባንክ ተቀጥሯል።

ባንክ የምር የሚፈራው ከዶላር መቆረጥን ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት የካቲት 13 ቀን 2018 የላትቪያውን ኤቢኤልቪ ባንክ ከአሜሪካ ኮረስፖንደንት ሒሳብ እንዲቆረጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ሐሳብ ብቻ። አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሯሯጡ፤ በ11ኛው ቀን የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ባንኩ ወድቋል ብሎ አወጀ። ይህ መሣሪያ ግን ንጹሑንም ይጎዳል። ትልልቅ ባንኮች መጠርጠርን ከመመርመር ይልቅ በድሃ አገር ያሉ ትንንሽ ባንኮችን በጅምላ ማሰናበት ይመርጣሉ፤ ስደተኛው ለእናቱ የሚልከው መቶ ዶላር ያኔ ይወደዳል።

ከሒሳብ መዝገብ ላይ የሚነበብ

ልምድ ያለው ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያየው ቀሪ ሒሳብን ነው። በጠዋት 3 ሚሊዮን ገብቶ ማታ ዜሮ የሚሆን፣ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ መብራት፣ ግብር የማይከፈልበት ሒሳብ የሚሠራ ድርጅት ሒሳብ አይደለም፤ መተላለፊያ ነው። ቀጥሎ ዕድሜው፦ ከተቋቋመ ሦስት ወር ያልሞላው ኩባንያ የአሥር ዓመት ድርጅት የሚያክል ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ። አድራሻው የሺዎች ኩባንያዎች አድራሻ ከሆነ፣ ስሙ ከታወቀ ድርጅት በአንድ ቃል የሚለይ ከሆነ፣ ዕቃ የገዛው አንዱ ሆኖ የሚከፍለው የማይታወቅ ሦስተኛ ወገን ከሆነ፣ የብድር ውሉ ወለድና መክፈያ ቀን የሌለው ከሆነ እያንዳንዱ ስልክ ለማንሣት ይበቃል። ባለሥልጣን ሒሳብ ሲከፍት ጥብቅ ምርመራ አለበት፤ ገንዘቡ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በወንድሙ፣ በሚስቱ ወይም በሹፌሩ ስም ነው። ስለዚህ የሰውየው ስም በዝርዝር ውስጥ የለም ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ምልክት ግን ከውጭ የሚመጣ አይደለም፦ አንድ ደንበኛ ሲጠየቅ ከላይ ስልክ የሚደወል ከሆነ።

ማስመለስ

የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና የወንጀል ቢሮ በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በ2009 በዓለም ላይ የታጠበው ገንዘብ ከዓለም ምርት 2.7 በመቶ፣ 1.6 ትሪሊዮን ዶላር ያህል እንደነበር ገመተ። የሚያዘው ወይም የሚታገደው ከ1 በመቶ በታች ነው። ለማስመለስ ገንዘቡ ያለበት አገር ፍርድ ቤት ይህ ዶላር ከዚያ ወንጀል የመጣ ነው የሚል ማስረጃ ይጠይቃል። ማስረጃው ያለው በተዘረፈው አገር ነው። የሚልከው ደግሞ የዚያ አገር መንግሥት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘራፊው ወይም ወዳጆቹ አሁንም ከቢሮው አልወጡም። የሐብት ማገጃ ትእዛዝ የጊዜ ገደብ አለው፤ ሰነድ ሳይደርስ ገደቡ ካለፈ ሒሳቡ ይለቀቃል። ወራሾች ጠበቃ ይቀጥራሉ፣ ይግባኝ ይላሉ፣ ዓመታት ይሄዳሉ።

አባቻ የሞቱት በ1998 ነው። ስዊዘርላንድ 322 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመመለስ የተስማማችው በ2017 ሲሆን አጠቃቀሙን የዓለም ባንክ እንዲከታተል ተደርጎ ነው። በጀርሲ የነበረው ወደ 311 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ የተመለሰው በ2020፣ ከ22 ዓመት በኋላ። ስምምነቱ ገንዘቡ የሚውልባቸውን ሦስት ፕሮጀክቶች በስም ይጠራል፦ የሌጎስ–ኢባዳን መንገድ፣ የአቡጃ–ካኖ መንገድና ሁለተኛው የኒጀር ድልድይ። ከዚያው ጋር፣ ከገንዘቡ ላይ በሙስና ለተጠረጠሩ ሰዎች ምንም እንዳይከፈል፣ ጠበቆችም ከተመለሰው ላይ ድርሻ እንዳይቆርጡ የሚከለክል አንቀጽ ገብቶበታል።